የተቆረጠው እንሰት

ማክሰኞ ግንቦት 17 ቀን 1963 ዓ.ም. ጠዋት አሰገደች የምትባል የጌዴኦ ገበሬ ሚስት ለጎረቤት ለቅሶ የሚሆን ቆጮ ልታወጣ ጓሮዋ ያለውን ጉድጓድ ከፈተች። የተጫነውን ድንጋይ አነሳች፣ የእንሰቱን ቅጠል ገለጠች፣ እጇን ሰደደች። የጨበጠችው ጫማ ነበር። ጫማው ውስጥ ደግሞ እግር ነበረበት።

መቶ አለቃ ወንድይራድ ለምርመራው ተልኮ ከዲላ በአውቶቡስ ሰላም በር የደረሰው በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ነው። ሰላም በር ከይርጋ ጨፌ ወደ ፍስሐ ገነት ሲኬድ መንገድ ዳር የምትገኝ፣ አንድ የቡና መፈልፈያ፣ ሦስት ጠጅ ቤትና ከሁሉም የሚያምር ማዘጋጃ ቤት ያላት ትንሽ ከተማ ናት። መቶ አለቃው ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ጠላት። በአሥራ አምስት ዓመት የፖሊስነት ዕድሜው የተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ያማረበት ከተማ ውስጥ የሸተተ ነገር እንደማይጠፋ ነው።

ሬሳው ከከተማው ወንዝ ማዶ፣ አሰገደች ጓሮ ውስጥ ሰሌን ላይ ተጋድሞ ጠበቀው። ሟቹ ገብረኪዳን የሚባል የማዘጋጃ ቤቱ መሬት ቀያሽ ነበር። ከጫማው እስከ ፀጉሩ ቆጮ ተለቅልቋል፤ የኮመጠጠው ሽታ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ወንድይራድ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ከኋላ ነው የተመታው» አለ ከክሊኒኩ የመጣው ድሬሰር። «በመዶሻ ወይም በመጥረቢያ ጀርባ።»

«መቼ?»

«ገላው ገና አልፈረሰም። ሁለት ቀን ቢሞላው ነው። እሑድ ይበሉት።»

«ጌታዬ በከንቱ ደከሙ» አለ የሰላም በር ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፣ ሃምሳ አለቃ ደበበ። «ገዳዩን ይዘነዋል። የዚሁ ቤት ባለቤት ዘነበ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣላ፣ ችካል ነቀለ፣ በሕዝብ ፊት ‹እገልሃለሁ› አለ። አንድ ሌሊት አሳድረን ዓርብ ጠዋት ለቀቅነው። እሑድ ገድሎ ጓሮው ከተተው። ሰኞ መኪና ሲመጣ ወደ ዲላ፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ ከዚያ ገመድ።»

«ሰው ገድሎ ልጆቹ ከሚበሉበት ጉድጓድ ውስጥ ይጨምራል?»

«ጌታዬ፣ እነዚህን ሰዎች አያውቋቸውም።»

ወንድይራድ ከእነዚህ ሰዎች መካከል አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል፤ ቋንቋቸውንም በመጠኑ ይሰማል። ከደበበ ጋር መከራከር ግን ምራቅ ማባከን መስሎ ታየው።

ዘነበ ጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። መቶ አለቃው ሲገባ ሊነሳ ሞከረ፣ ከንፈሩ አብጦ ነበርና ደበበ ምን ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቀው እንደዋለ ለማወቅ ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

«ችካሉን ነቅለሃል?»

«ነቅያለሁ ጌታዬ። አምስቱን ነቅያለሁ። አንዱን ቤቴ ውስጥ፣ አልጋ ሥር ተከሉ። እንዴት አልነቅል?»

«እገልሃለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። ተናድጄ ነው።»

«እሑድ የት ዋልክ?»

ዘነበ አንገቱን ደፋ። «አሞኝ ተኛሁ። ጸሎት ቤት እንኳ አልሄድኩም። ሰው አላየኝም ጌታዬ፤ እግዜር ብቻ ነው ያየኝ።»

እግዜር ደግሞ ችሎት ቀርቦ አይመሰክርም። ወንድይራድ ይህን አልተናገረውም፤ ሰውየው ራሱ የሚያውቀው ይመስል ነበር። ሰኞ እስኪደርስ ስድስት ቀን ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ከእጁ ይወጣል።

በዚያው ከሰዓት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄደ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ፈለቀ ሽቶ የተቀባ፣ ጥርሱን እያሳየ የሚያወራ ሰው ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ግድግዳው ላይ የከተማው ፕላን ተሰቅሏል። ከወንዙ ማዶ ያለው ቦታ በቀይ ተቀልሟል፤ ከቀዩ ሥር ግን የድሮው አረንጓዴ ይታያል።

«ይህ አረንጓዴ ነበር?»

«የእርሻ ክልል ነበር። መጋቢት ላይ ምክር ቤቱ ወደ መኖሪያ ክልል ለወጠው። ከተማ ማደግ አለበት እኮ መቶ አለቃ! ስልሳ ቦታ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ አምስት መቶ ካሬ።»

«እላዩ ላይ ያሉት ሰዎችስ?»

«ጭሰኞች ናቸው። መሬቱ የቀኛዝማች ገበየሁ ነው። እሳቸው ፈቅደዋል፣ ካሣቸውንም ተቀብለዋል።»

«ጭሰኞቹስ?»

«ጭሰኞቹ ምን?» አለ ፈለቀ። የእውነት አልገባውም ነበር።

ወንድይራድ የጓሮው ሽታ አብሮት የመጣ መስሎት እጅጌውን አሸተተ፤ ልብሱ ግን ንጹሕ ነበር።

ፈለቀ ከመሳቢያው የአዲሱን ፕላን ቅጂ አወጣ። የቀያሹ ፊርማ ከሌለበት አገር ግዛት ሚኒስቴር አይቀበለውም፤ ፊርማው ግን ግርጌው ላይ ነበር፣ ግንቦት 14 የሚል ቀንም ተጽፎበታል። «ቅዳሜ እኩለ ቀን እዚሁ ፊቴ ፈርሞ ሰጠኝ። እኔ ከዚያ ለክርስትና ፍስሐ ገነት ወርጄ ትናንት ነው የተመለስኩት፤ አገር ያየኝ ሰው ነኝ። ምስኪን! ያ አውሬ እንዲህ ያድርገው?»

«ሟቹ የት ነበር የሚያድረው?» ብሎ ወንድይራድ ጠየቀ።

«ወይዘሮ ሙሉእመቤት ቤት ተከራይቶ። ሰሞኑን ግን ሥራ በዝቶበት እዚሁ ቢሮ ነበር የሚያድረው።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ክፍሉን ከፍተው አሳዩት፤ አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

«ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት፣ ቁርሱን በልቶ ወጣ። በዚያው ቀረ ልጄ።»

«አምስት ቀን ሲጠፋ አልጠረጠሩም?»

«ዓርብ ዕለት አቶ ፈለቀ ሰው ልከውብኝ ነበራ! ‹ካርታ ላይ ነው፣ አይጠብቁት› አሉኝ። ከዚህ በፊት ለአንድ ቀን ቢያድር እንኳ ልከውብኝ አያውቁም። ደግ ሰው ናቸው ብዬ መርቄያቸው ነበር።»

ወንድይራድ ይህን ማስታወሻው ላይ አሰፈረው። ደግነት በማይበቅልበት ቦታ ድንገት ደግነት ሲያይ ያሳክከዋል።

ረቡዕ ጠዋት ደበበን አስከትሎ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጓሮው ተመለሰ። አሰገደች ጉድጓዱን ባዶ አድርጋ ቆጮውን ሁሉ ልትጥል እየዛቀች ነበር። የስድስት ወር ምግብ ነው። ሌሎች ሴቶች ከወዲያ ቆመው ከንፈር ይመጣሉ።

«አሰገደች፣ ይህን ጉድጓድ ማን የሸፈነው ይመስልሻል?»

«ቆጮ የሚያውቅ ሰው አይደለም» አለች ቀና ሳትል።

«በምን አወቅሽ?»

ተነሳችና ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ የሚርቅ አንድ ጎረምሳ እንሰት አሳየችው። አንገቱ ላይ ለሁለት ተቆርጧል፤ ላይኛው ክፍል ቅጠሉ ተገፎ ወድቋል። «ቅጠል ስትፈልግ ከዳር ከዳር ነው የምትቆርጠው። እንሰት እናት ነው፤ አንገቱ አይቆረጥም። ይሄ ሰውዬ አንገቱን ቆረጠ። ቅጠሉንም አከርካሪውን ሳያወጣ አለበሰው። ዋሳ፣ ቆጮው ማለት፣ በዚህ ይበላሻል።»

«ባልሽ ቢሆንስ? ወንድ ነው፤ የሴት ሥራ አያውቅም።»

«እውነት ነው፣ ወንድ ጉድጓዱ ጋ አይደርስም፤ ነውር ነው። ግን እንሰት አንገቱ እንደማይቆረጥ ወንዱም ያውቃል። ልጅ ሆኖ በዱላ ተመቶ ነው የሚማረው።»

ወንድይራድ ወደ ጉቶው ተጠጋ። ከተቆረጠው ግንድ መሐል እንደ ክንድ የወፈረ፣ የተጠቀለለ ለጋ ቅጠል ቀጥ ብሎ ወጥቷል።

«ይህስ?»

«ልቡ ነው። እንሰት ብትቆርጠው ልቡ መውጣት አይተውም። በየቀኑ ይወጣል።» ክንዷን አስጠግታ ለካች፤ ክንድ ሊሞላ ሦስት ጣት ቀርቶታል። «የተቆረጠው ሐሙስ ነው። እኔ ዓርብ ጠዋት ባሌን ይዤ ስመለስ አይቻለሁ። የልኬት ሰዎች ናቸው ብዬ ዝም አልኩ፤ ሁልጊዜ ይቆርጣሉ።»

«ሐሙስ!» አለና ደበበ ሳቀ። «ጌታዬ፣ ሚስቱ ናት እኮ። ምን እንድትል ፈለጉ? ድሬሰሩ እሑድ ብሏል።»

ለዳኛም ቢሆን የአሰገደች ቃል ከዚህ የተሻለ ዋጋ እንደማይኖረው ወንድይራድ ያውቀዋል። ጥቂት አሰበ። «ከዚህኛው ጋር አንድ ቀን የተከልሽው አለ?»

አንዱን አሳየችው። መቶ አለቃው ገጀራ ተቀብሎ፣ እዚያው አንገቱ ላይ በአንድ ምት ቆረጠው። አሰገደች ፊቷን አዞረች።

«ሬሳው እሑድ የተቀበረ ከሆነ፣ ያኛው እንሰት ሦስት ቀኑ ነው» አለ ለደበበ። «ይህኛው ቅዳሜ ሦስት ቀን ይሞላዋል። ልባቸው እኩል ከሆነ አንተ ትክክል ነህ። አንድ ፖሊስ እዚህ አቁም፤ ማንም እንዳይነካው።»

በማግስቱ ሰላም በር ሌላ ወሬ አልነበራትም። ጠጅ ቤቱ ሁሉ «እንሰት የሚያስጠብቀው መቶ አለቃ» እያለ ሳቀ። አቶ ፈለቀም መንገድ ላይ አግኝቶት «እንሰቱ ቃሉን ሰጠ?» ብሎ ቀለደበት።

ወንድይራድ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቀኛዝማች ገበየሁ ከቀያሹ ጋር «መሬቴን አሳንሶ ለካ» ብለው ተጣልተው እንደነበር ሰምቶ ሐሙስና ዓርብን እሳቸው ላይ አጠፋ። ባለርስቱ ግን ከረቡዕ እስከ ሰኞ ገደብ ከተማ ታመው ተኝተው ነበር፤ ያስታመሟቸው ሰዎች ሁሉ መሰከሩ። ሽማግሌው ስለ ሟቹም ሆነ ስለ ጭሰኞቻቸው አንድ ቃል አልጠየቁም። የጠየቁት ፕላኑ በዚህ ምክንያት ይዘገይ እንደሆነ ብቻ ነው። መቶ አለቃው ከቤታቸው ወጥቶ አጥሩ ሥር ምራቁን ተፋ።

ቅዳሜ ጠዋት ድሬሰሩንና ደበበን ይዞ ጓሮው ደረሰ። የአዲሱ እንሰት ልብ ወጥቷል። ለኩት። አንድ ስንዝር፤ ከዚያ አላለፈም። ረቡዕ ዕለት የመጀመሪያው እንሰት ልክ የዚህን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

«ያኛው ረቡዕ ስድስት ቀኑ ነበር» አለ ወንድይራድ። «ሐሙስ ነው። አንተስ ምን ትላለህ ድሬሰር? ራሱ ዓመት ሳይበላሽ የሚቆይ ቆጮ፣ ሬሳ አምስት ቀን አያቆይም?»

ድሬሰሩ ቀላ። «ጌታዬ፣ እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ቆጮ ምን እንደሚያደርግ በምን አውቄ?»

«አለማወቅህን በመጀመሪያው ቀን ብትናገር ምን ነበረበት? ሰው ልታሰቅል ነበር።»

ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄዶ የዕለት ሁኔታ መዝገቡን አስከፈተ። ጽሑፉ የደበበ ነበር። ዘነበ በማዘጋጃ ቤቱ ሹም በአቶ ፈለቀ ጠያቂነት ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገባ፤ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ወጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ቀያሹ ሲገደል ዘነበ የት ነበር?»

ደበበ መዝገቡን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «እኔ... ጋ።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ ጌታዬ።»

«ሚስቱስ ሐሙስ የት ዋለች?»

«እዚሁ በር ላይ፣ ከነጎረቤቶቿ። ‹ፍታልን› እያሉ ሲያለቅሱ ነው የዋሉት።»

ወንድይራድ መዝገቡን ዘጋ። ሐሙስ ከሰዓት ያ ጓሮ ሰው አልነበረበትም። ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ ባዶ ያደረገው ሰው ብቻ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው፤ ዳዋው ግን አይጧ ስትበላ ፖሊስ ጣቢያ ተቆልፎበት ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱን ላንድሮቨር የሚነዳው እንግዳ የሚባል ሰው ነው። መኪናውን ሲያጥብ አገኘው።

«ሐሙስ ከሰዓት ማንን ይዘህ ወንዙ ጋ ሄድክ?»

እንግዳ ጨርቁን ጨመቀ። ብዙ ጨመቀው። «አቶ ፈለቀንና ጋሽ ገብረኪዳንን። ችካል መልሰን እንተክላለን ብለው። ድልድዩን መኪና አያሻግርም፤ እኔ ወዲህ ቆምኩ።»

«ማን ተመለሰ?»

«አቶ ፈለቀ ብቻ። ‹እሱ በእግሩ ይመጣል፣ ንዳ› አሉኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እጃቸው እስከ ክርናቸው ኮምጣጣ ኮምጣጣ ይሸት ነበር። መስኮት ከፍቼ ነው የነዳሁት።»

«ይህን ማክሰኞ ለምን አልተናገርክም?»

«ጌታዬ፣ አምስት ልጅ አለኝ፣ ኪራይ ቤት ነው የምኖረው።» እንግዳ መሬት መሬት አየ። «ቦታ ቁጥር ሃምሳ ስምንትን ለኔ ጽፈውልኛል።»

ፈለቀ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ወንድይራድ በሩን ዘግቶ ሳይጋበዝ ተቀመጠ፣ ደበበን በር ላይ አቆመው።

«ቀያሹ ቅዳሜ ፊትዎ ፈረመ ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«ሐሙስ የሞተ ሰው ቅዳሜ ፈረመ?»

ፈለቀ ሳቀ። «እንሰቱ ነው የነገረዎት?»

«መጀመሪያ እሱ ነው። ቀጥሎ እንግዳ። ቀጥሎ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፤ ዓርብ የላኩባቸው ሰውም ተገኝቷል። ቀጥሎ የጣቢያው መዝገብ። ዘነበን ያሳሰሩት ጓሮው ባዶ እንዲሆን ነው።»

የፈለቀ ጥርስ ቀስ ብሎ ተከደነ። ወደ ፕላኑ ዞረ። «ቆጮ ሁለት ሦስት ዓመት ተቀብሮ ይቆያል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ እንደተታለለ ሰው ተቀይሞ። «በየሳምንቱ እንደሚከፍቱት ማን ያውቃል?»

«እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ሹም ሆነህ ኖርክ?» አለው ወንድይራድ፤ አንቱታው ከአፉ ጠፍቶ ነበር።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ስታስተዳድራቸው ምን እንደሚበሉ አላወቅህም።»

ፊርማውን ማስመሰል ካስፈለገ ቀያሹ እምቢ ብሎ ነበር ማለት ነው። መቶ አለቃው ቀያሹ ለምን አልፈርምም እንዳለ ጠየቀው። ሲጠይቅ አንድ ነገር ተመኝቶ ነበር። በዚህ ሁሉ ግማት ውስጥ ቢያንስ ሟቹ ንጹሕ ሆኖ እንዲገኝ፣ ሠላሳ አባወራ ሲነቀል እጄ የለበትም ያለ አንድ ሰው እንዲኖር ተመኝቶ ነበር።

«ለጭሰኞቹ አዝኖ መስሎህ ነው?» አለ ፈለቀ። «ሁለት ቦታ ሰጥተነዋል። ሦስተኛ አማረው፤ ያውም የማዕዘኑን፣ መንገድ ዳር ያለውን። ያ ደግሞ የኔ ነው። እዚያ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ‹ካልሰጠኸኝ አልፈርምም፣ ሁላችሁንም ለሚኒስቴሩ እጽፍባችኋለሁ› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። የችካሉ መዶሻ እጄ ላይ ነበር።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ብታስረኝም ቦታ የተሰጣቸውን ሰዎች ዝርዝር ተመልከት። ደበበ አለበት። ያንተም አለቃ አለበት።»

ወንድይራድ ወደ በሩ ዞረ። ደበበ የጣሪያውን ማዕዘን አተኩሮ እየተመለከተ ነበር። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ይባላል፤ ይህኛው ግን ከአናቱ እስከ ጅራቱ ነው ብሎ አሰበ መቶ አለቃው፣ ወጥቶም ግድግዳውን ተደግፎ አስመለሰው።

ሰኞ ጠዋት የመጣው መኪና በዘነበ ፈንታ ፈለቀን ጭኖ ወደ ዲላ ሄደ። የከተማው ምክር ቤት በዚያው ሰዓት ተሰብስቦ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ምክትሉ፣ አሁን ተጠባባቂ ሹም የሆነው ሰው፣ መቶ አለቃውን አስጠርቶ ወንበር ሳበለት።

«ሐዘናችን ከባድ ነው። ነገር ግን ወንጀሉ የግለሰብ ነው፤ ውሳኔው የምክር ቤት ነው። ፕላኑ ይቀጥላል። ከሐዋሳ ሌላ ቀያሽ መጥቶ ይፈርምበታል።» ማኅተም ያለበት ወረቀት ገፋ አደረገለት። «ይህ ደግሞ ላደረጉልን አገልግሎት ነው። አምስት መቶ ካሬ፤ ጥሩ ቦታ ነው።»

ወንድይራድ ወረቀቱን አነበበውና መልሶ ገፋው። «አልፈልግም።»

ሰውየው አልተቀየመም። እስክሪብቶ አንስቶ ስሙን በአንድ መስመር ሰረዘ። «ግድ የለም፣ ወረፋ የያዙ አሉ» አለ፤ ወዲያው የሌላ ሰው ስም ጻፈበት።

«ዘነበስ?»

«እሱ ምን ቅር ይለዋል? ነፃ ወጣ እኮ!»

መቶ አለቃው ዘነበን ከእስር ክፍሉ ራሱ አወጣው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ነበረውና ወንዙ ድረስ ሊሸኘው አብሮት ተነሳ። ዘነበ በመንገዱ ሁሉ «እግዜር ይስጥህ ጌታዬ» ማለት አላቆመም። ወንድይራድ ምክር ቤቱ ያለውን ሊነግረው ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋው። በኋላ ሲያስበው በዚያ ሳምንት ካየው አስጠያፊ ነገር ሁሉ የከፋው ያ ዝምታው ነበር።

ድልድዩን ሲሻገሩ የገጀራ ድምፅ ሰሙ። የማዘጋጃ ቤቱ የቀን ሠራተኞች ከማለዳ ጀምሮ ሥራ ላይ ነበሩ። የእንሰቱ ጓሮ ሁሉ ወድቋል፤ ቡናውም ተመንጥሯል። ሁለት ሰዎች ጣሪያው ላይ ወጥተው ሳር እየገፈፉ ይጥላሉ። አሰገደች ልጆቿን፣ አንድ ምንጣፍና አንድ ድስት ይዛ ግቢው መሐል ቆማለች።

ባሏን ስታይ ሮጣ መጣች። ያበጠውን ከንፈሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ግንባሩን ሳመችው። ዘነበ ከትከሻዋ በላይ ወደ ቤቱ አየ። ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ዞረች።

«አንተ እውነተኛ ሰው ነህ» አለችው። «ባሌን ከገመድ አወጣኸው፣ እስከዚህም አመጣህልኝ። አሁን የት ይግባ?»